ስለ ዕጣና ስለ ፍርድ፤ ለብቻ የሚጫወቱት ካርታ

አንድ ሰው በኑሮው ሲወድቅ ወዳጁም ጠላቱም በየበኩላቸው የሚመረምሩት ነገር አንድ ነው፤ እርሱም ይህ ሰው የወደቀው በገዛ እጁ ሥራ ነው ወይስ በደረሰው ዕጣ የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ጻድቁ ኢዮብ በዐመድ ላይ ተቀምጦ ሦስቱ ወዳጆቹ ሊያጽናኑት ከመጡበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ፣ በሰው ነጻ ፈቃድና በመግቦተ እግዚአብሔር መካከል ያለውን ወሰን ለማወቅ የሚሹ ሁሉ ደጋግመው የተመላለሱበት ጥያቄ ነው። እኔ ግን ወደዚህ ጥልቅ ነገር ለመግባት የምመርጠው በር የታወቀ መጽሐፍ ወይም ታላቅ ጉባኤ ሳይሆን፣ ብዙ ሰው እንደ ዋዛ የሚያልፈው፣ ሰው በኮምፒውተር ፊት ብቻውን ተቀምጦ የሚጫወተው፣ ሶሊቴር የሚባለው የካርታ ጨዋታ ነው። ለከባድ ጥያቄ ቀላል ምስክር መጥራቴ የሚያስደንቀው አንባቢ ቢኖር እስከ ፍጻሜው እንዲታገሠኝ እለምናለሁ፤ በዚህ ጨዋታ ውስጥ የዕጣ ድርሻና የሰው ድርሻ በቍጥር ተለይተው ሊታወቁ ይችላሉና፣ ይህም በሌላው የሰው ኑሮ የማይገኝ ዕድል ነው።

ይህን ጨዋታ በአገራችን ለማየት የሚሻ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከወልድያ በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብም ወደ ላስታ ደጋ የሚወጣው ዐቀበት በሚታዩበት በራያ ሜዳ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚያልፈው የአስፋልት መንገድ ግራና ቀኝ የተሠራችው የቆቦ ከተማ፣ እንደ ሌሎቹ የወረዳ ከተሞች ሁሉ፣ ለደብዳቤና ለመዝገብ ሥራ የተገዙ ኮምፒውተሮች በየጽሕፈት ቤቱ ከገቡባት ወዲህ ጨዋታውም አብሮ ገብቶባታል። በቀደሙት የዊንዶውስ ዓይነቶች ሶሊቴር ከመሣሪያው ጋራ ተጭኖ የሚመጣ እንጂ ከኢንተርኔት የሚወርድ አልነበረምና፣ መብራት ኖሮ ኔትወርክ በሌለበት ሰዓት ከጸሓፊው ጋራ የሚቀረው መዝናኛ እርሱ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጆ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜም፣ ከሩቅ ጋራ መገናኘትን የሚሻው ሁሉ ሲዘጋ፣ ከማንም ጋራ መገናኘት የማያሻው ይህ የብቸኞች ጨዋታ አልተዘጋም።

አመጣጡም ቢሆን ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ግንቦት 14 ቀን 1982 ዓ.ም. ባወጣው ዊንዶውስ 3.0 ውስጥ ሶሊቴርን ሲጨምር፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ፊደል በመምታት ብቻ ኮምፒውተርን ያዝ የነበረው ሕዝብ ከማውዝ ጋራ እንዲላመድ ይረዳዋል ተብሎ ታስቦ ነበር። ጨዋታውን የጻፈው ዌስ ቼሪ በኩባንያው ውስጥ በልምምድ ላይ የነበረ ወጣት ሲሆን፣ የካርታዎቹን መልክ ያዘጋጀችው ሱዛን ኬር ቀደም ሲል ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር ሥዕላዊ ምልክቶችን በመሥራት የታወቀች ሠዓሊ ናት። ካርታውን በቀስቱ ይዞ፣ ጎትቶ፣ በሌላው ላይ የሚጥለው ሰው የሚጫወት መስሎት ሳለ እጁ አዲስ ሥራ ተማረ፤ እኔም ከዚሁ ጨዋታ ኅሊና ደግሞ ምን ሊማር እንደሚችል ለመመርመር እወዳለሁ።

የጨዋታው ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። ካርታዎቹ 52 ናቸው፤ በአራት ወገን ይከፈላሉ፤ ሁለቱ ወገኖች ቀይ፣ ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ እያንዳንዱም ወገን ከአንድ ጀምሮ እስከ ንጉሥ 13 ካርታ አለው። ጨዋታው ሲጀመር ኮምፒውተሩ ካርታዎቹን በውዞ 28ቱን በሰባት ዓምድ ያሰልፋል፤ በመጀመሪያው ዓምድ አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት እያለ ሰባተኛውን በሰባት ይፈጽማል፤ ከየዓምዱም የመጨረሻው ብቻ ፊቱ ተገልጦ የቀሩት 21 ካርታዎች ተደፍተው ይቀመጣሉ። የተረፉት 24ቱ ከላይ በአንድ ክምር ሆነው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ በአጠገባቸውም የጨዋታው ፍጻሜ የሚከናወንባቸው አራት ባዶ ቦታዎች አሉ። ተጫዋቹ በዓምዶቹ ላይ አንድን ካርታ ለማኖር የሚችለው በቍጥር አንድ በሚበልጠውና በቀለም በሚለየው ካርታ ላይ ነው፤ በቀይ ዘጠኝ ላይ ጥቁር ስምንት፣ በጥቁር ስምንት ላይ ቀይ ሰባት እያለ ቍልቍል ይወርዳል። ከላዩ ያለው ሲነሣለት የተደፋው ካርታ ይገለጣል፤ አንድ ዓምድ ባዶ የሆነ እንደ ሆነ በዚያ ስፍራ ሊቀመጥ የሚገባው ንጉሥ ብቻ ነው፤ የሚሄድ ሲጠፋም ከክምሩ አንድ አንድ፣ ጨዋታው እንዲከብድለት የወደደ ሰው ደግሞ ሦስት ሦስት ካርታ እየገለጠ ይቀጥላል። በአራቱ ባዶ ቦታዎች ግን ሥርዓቱ ተገልብጦ፣ እያንዳንዱ ወገን ለብቻው ከአንድ ተነሥቶ ወደ ንጉሡ ይወጣል፤ 52ቱም ካርታዎች እንዲህ ወደየወገናቸው የተሰበሰቡ እንደ ሆነ ተጫዋቹ ድል አደረገ ይባላል።

ሥርዓቱን ማወቅ ግን ጥበቡን ማወቅ አይደለም። ጀማሪ የሆነ ሰው የሚሄድ ካርታ ባየ ቍጥር ቸኵሎ ያንቀሳቅሳል፤ አንድ ዓምድ ባዶ ሲሆንለት ደስ ይለዋል፤ ወደ ላይ ሊሰበሰብ የሚችለውንም ሁሉ ሳያመዛዝን ይሰበስባል። የተለማመደው ግን ከሁሉ አስቀድሞ የተደፉትን ካርታዎች ለመግለጥ ይተጋል፤ ሁለት መንገድ ሲገጥመውም ብዙ የተደፋ ካርታ ያለበትን ዓምድ የሚያቃልለውን ይመርጣል፤ የሚያኖርበት ንጉሥ ሳይኖረው ዓምድን ባዶ ማድረግ ከንቱ መሆኑን ያውቃል፤ ቀዩን ንጉሥ ወይስ ጥቁሩን ብሎ ሲያመነታም የሚከተሉትን ንግሥትና ጃክ አስቦ ይወስናል፤ ቸኵሎ ወደ ላይ ያወጣው አምስት ቍጥር በዓምዱ ላይ አራትን ለመቀበል የሚፈለግበት ሰዓት ሊመጣ ይችላልና፣ ድሉን ለማቅረብ ብሎ መሸጋገሪያውን አያጠፋም። እንግዲህ የጨዋታው ብልሃት በሦስት ነገር ይጠቃለላል፤ የተሰወረውን መግለጥ፣ ለሚመጣው ስፍራ ማዘጋጀት፣ የመሰብሰቢያን ጊዜ አለመቅደም። እነዚህ ሦስቱ በተጫዋቹ ሥልጣን ሥር ያሉ ናቸው፤ የካርታዎቹ አሰላለፍ ግን ከሥልጣኑ ውጭ ነው።

የሃይማኖት ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህ ነገር የተፈቀደ ነው ወይ ብሎ ነው። የሐዋርያት ቀኖና ተብሎ በሚታወቀው ጥንታዊ ሥርዓት፣ ጳጳስም ቢሆን ቄስም ቢሆን ዲያቆንም ቢሆን በቁማር ጠጠርና በመጠጥ የተጠመደ እንደ ሆነ፣ ወይ እንዲተው ወይ ከሹመቱ እንዲሻር ተወስኗል፤ በራያ ከክርስቲያኑ ጋራ ጎን ለጎን የሚኖረው ሙስሊምም መይሲር የሚባለው ቁማር ከሚያሰክር መጠጥ ጋራ በቁርኣን እንደ ተከለከለ ከሼሆቹ ይማራል። በሶሊቴር ግን ባላጋራ የለም፤ የተያዘ ገንዘብ የለም፤ አንዱ ሲያተርፍ የሚከስር ሌላ የለም፤ ስለዚህ በቁማር ስም ሊከሰስ አይገባም። የሚከሰስበት ኃጢአት ሌላ ነው፤ እርሱም የሰውን ጊዜ መስረቅ ነው። ከዞብል ሥር ካለች ቀበሌ ሌሊት ተነሥቶ በእግሩ የመጣ ገበሬ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ይዞ በበረንዳ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ በውስጥ ያለው ሹም ቀይ ዘጠኝ ይፈልግ እንደ ሆነ፣ ያ ሹም ከማንም ገንዘብ ያልበላ ቢመስለውም የድኻውን ቀን በልቷል፤ ቀን ደግሞ እንደ ገንዘብ ተመልሶ የሚከፈል ዕዳ አይደለም። የዚህን ነውር ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ ብዙ አልዘገይም።

ስለ ብቸኝነቱ ግን ጥቂት ማለት ይገባል። የቀደሙት ጨዋታዎቻችን ሁሉ ሰው ከሰው ጋራ የሚገናኝባቸው ነበሩ። ገበጣ ያለ ባላጋራ አይጫወቱትም፤ በ19ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱት ያየው ሰንጠረዥም፣ በአገራችን ሥርዓት ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ልባቸው በሚያንቀሳቅሱበት፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪማረክ ድረስ በሚቆየው፣ ወረራ በሚባለው አካሄድ ይጀመር ነበር። ብቻን መቀመጥም ቢሆን በእኛ ዘንድ ያልታወቀ ነገር አይደለም፤ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የተባሉት መጻሕፍተ መነኮሳት በሚነበቡባቸው ገዳማት የመነኮሳት ብሕትውና ከፍ ያለ ክብር አለው። ነገር ግን መነኵሴው ብቻውን የሚቀመጠው ልቡን ለማግኘት ሲሆን፣ ካርታ ተጫዋቹ ብቻውን የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ ልቡን ለመርሳት ነው፤ አበው ሃኬት ብለው የጠሩት የነፍስ መታከት ሰውን ከሥራው ብቻ ሳይሆን ከዕረፍቱም የሚያስወጣ ደዌ ነውና፣ ከጨዋታው ተነሥቶ የበለጠ የደከመ ሰው ያረፈ አይደለም። ይህን መመዘኛ ለእያንዳንዱ ሰው ኅሊና ትቼ ወደ ዋናው ጥያቄ እመለሳለሁ።

ዕጣ በቅዱሳት መጻሕፍት የተናቀ ነገር አይደለም። ኢያሱ ምድረ ርስትን ለነገደ እስራኤል ያከፋፈለው በዕጣ ነው፤ በዮናስ ምክንያት ማዕበል የተነሣባቸው መርከበኞች በደለኛውን የለዩት በዕጣ ነው፤ ሐዋርያትም በይሁዳ ስፍራ ማትያስን የቈጠሩት በዕጣ ነው። ለብዙ ምዕት ዓመታት ጳጳስ ስትልክልን የኖረችው የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ጥቅምት 25 ቀን 2005 ዓ.ም. ፓትርያርኳን አባ ታዎድሮስ ዳግማዊን የለየችው፣ ዐይኑ በጨርቅ የተሸፈነ ሕፃን ከሦስት ስሞች አንዱን እንዲያወጣ በማድረግ ነው፤ በእኛም መንደር የዕቁብ ባለ ተራ በዕጣ ይታወቃል። በእነዚህ ሁሉ ሰው ዕጣን የጠራው ከራሱ አድልዎ ለመሸሽ ነው፤ እኔ የመረጥሁት እንዳይመስል፣ ከሰው በላይ ያለው ይምረጥ ማለቱ ነው።

የኮምፒውተሩ ዕጣ ደግሞ አንድ የሚያስደንቅ ምሥጢር አለው። ለተጫዋቹ እንደ ድንገት የሚታየው ዕደላ በመሣሪያው ዘንድ ድንገት አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ከአንድ መነሻ ቍጥር ተነሥቶ በታወቀ የስሌት ሕግ ካርታዎቹን ይደረድራልና፣ መነሻው አንድ የሆነ እንደ ሆነ ዕደላውም ሁልጊዜ አንድ ነው። ይህ በጉልሕ የሚታየው ፖል አልፊል በፈረንጆች 1978 በኮምፒውተር በሠራው፣ ጂም ሆርን ለዊንዶውስ ባዘጋጀው፣ የሶሊቴር ወገን በሆነው ፍሪሴል በሚባለው ጨዋታ ነው። በዚህ ጨዋታ ካርታዎቹ ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተገለጡ ናቸው፤ የመጀመሪያው የዊንዶውስ ፍሪሴል 32,000 ዕደላዎች ነበሩት፣ እያንዳንዱም የራሱ ቍጥር አለው፤ ያን ቍጥር የጻፈ ሰው በቆቦም ይሁን በሮም ያንኑ አሰላለፍ ያገኛል። ተጫዋቾች ዕደላዎቹን ተከፋፍለው ሁሉንም በሞከሩ ጊዜ ከአንዱ በቀር ሁሉም የሚረቱ ሆነው ተገኙ፤ ያ አንዱ ቍጥር 11982 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በኮምፒውተርም ተመርምሮ መውጫ እንደሌለው ታውቋል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ዕደላው አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ የተጫዋቹን እጅ አያስርም፤ በ31,999ኙ አሰላለፉ የተወሰነ ሆኖ ሳለ ፍጻሜው በሰውየው አካሄድ ይለያያልና፣ ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን የእግዚአብሔር አስቀድሞ ማወቅ የሰውን ነጻ ፈቃድ አያስቀርም የሚሉትን ነገር ለማስረዳት ከዚህ የቀለለ ምሳሌ አላገኘሁም። ሁለተኛው፣ ምንም የተሰወረ ነገር በሌለበት፣ ጥበበኛ ሁሉ ሊያሸንፍ በሚገባበት ጨዋታ ውስጥ እንኳ፣ ከብዙ ሺህ መካከል ምንም ጥፋት ሳይኖርበት የሚሸነፍ አንድ አለ፤ ይህ አንዱም የዖፅን ሰው ኢዮብን ያሳስበኛል።

በሶሊቴር ግን ነገሩ ከዚህ ይከብዳል። 52 ካርታዎች ሊሰለፉባቸው የሚችሉት መንገዶች ብዛት 68 አኃዝ ባለው ቍጥር የሚጻፍ ነውና፣ ማንም ሰው ሁሉን ሞክሮ ሊፈጽም አይችልም። በፈረንጆች 1946 የሒሳብ ሊቅ የሆነው ስታኒስላው ኡላም ከጽኑ የአንጎል ሕመም እያገገመ ሳለ የዚህ ወገን የሆነውን ካንፊልድ የሚባለውን ካርታ ይጫወት ነበር፤ ዕደላው የሚረታ የመሆኑን ዕድል በስሌት ለማግኘት ደክሞ ባልተሳካለት ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ ተጫውቶ ስንቱ እንደ ተሳካ መቍጠር እንደሚሻል አሰበ። ይህ አሳብ ከጆን ፎን ኖይማን ጋራ ሆኖ ሲያዳብረው ሞንቴ ካርሎ የሚባለው የስሌት ዘዴ ሆነ፤ የመጀመሪያው ሥራውም የአቶም መሣሪያ ምርምር ነበር። በበሽተኛ አልጋ ላይ የተጀመረ የብቸኛ ሰው ጨዋታ ወደምን እንደሚያደርስ ከዚህ ይታያል።

በኋላ ዘመን በአሜሪካ ፐርሲ ዲያኮኒስና ባልንጀሮቹ፣ በስኮትላንድም ቻርሊ ብሌክና ኢያን ጌንት ይህንኑ ጥያቄ በሶሊቴር ላይ በኮምፒውተር ተከታተሉት። ሦስት ሦስት ካርታ በሚገለጥበት ሥርዓት፣ የተደፉት ካርታዎች ሁሉ ቢታዩና ምንም ስሕተት ባይደረግ፣ ከመቶ ዕደላ 82 ያህሉ የሚረታ፣ 18 ያህሉ ደግሞ በምንም ጥበብ የማይረታ ሆኖ ተገኘ። ሁሉን ካርታ እያየ፣ ቸኵሎ ሳይሆን አስቦ እየተጫወተ፣ 2,000 ጨዋታ የመዘገበ አንድ ብርቱ ተጫዋች ያሸነፈው ግን ከመቶ 37 ያህሉን ብቻ ነው። እንግዲህ የዚህን ሰው መቶ ዕደላ በሦስት እንክፈለው፤ 37ቱ ድል ያደረገበት ነው፤ 45ቱ ሊያሸንፍ ሲችል የተሸነፈበት ነው፤ 18ቱም የሰሎሞን ጥበብ ቢሰጠው እንኳ የማያሸንፍበት ነው። የሰው ድርሻና የዕጣ ድርሻ እንዲህ በቍጥር ተለይቶ የተጻፈበት ሌላ መዝገብ አላውቅም።

ነገር ግን ተሸናፊው ራሱ ይህን መዝገብ በፊቱ አያገኘውም። ካርታው ቆሞ፣ የሚሄድ ጠፍቶ፣ የተደፉትም እንደ ተደፉ በቀሩ ጊዜ፣ ይህ ዕደላ ከ45ቱ ነውን ወይስ ከ18ቱ ብሎ ቢጠይቅ ሰሌዳው አይመልስለትም፤ በስንፍና የመጣ ሽንፈትና በዕጣ የመጣ ሽንፈት ለዐይን አንድ ዓይነት ናቸው። ከበስተኋላው ቆሞ የሚመለከት ሰው ደግሞ ከተጫዋቹ ያነሰ ያውቃል፤ ያም ሆኖ ቀድሞ የሚፈርደው እርሱ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ስሕተትም ይኸው ነበር፤ እግዚአብሔር ጻድቅ ነው ማለታቸው ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ከወዳጃቸው መከራ ተነሥተው የወዳጃቸውን በደል ለማወቅ እንችላለን ማለታቸው ግን ሐሰት ነበርና፣ በመጨረሻ የተገሠጹት የተማረረው ኢዮብ ሳይሆን የተራቀቁት አጽናኞች ሆኑ።

ይህን ይዘን ወደ ራያ ሜዳ እንመለስ። የቆቦ ገበሬ ዝናም በሜዳው ላይ ባይዘንብለት እንኳ በምዕራቡ ደጋ ላይ ሲዘንብ ሆርማትን በመሳሰሉ ወንዞች የሚወርደውን ደራሽ ጎርፍ፣ በዐፈርና በቅርንጫፍ በሠራው ክትር ጠልፎ፣ በቦይ መርቶ ወደ ማሳው ያስገባል፤ ጎርፉም ከውኃው ጋራ መሬት የሚያለማ ደለል ያመጣለታል። ልኩን ያለፈ ጎርፍ የመጣ እንደ ሆነ ክትሩን ሰብሮ ማሳውን ያጥባል፤ ያነሰ እንደ ሆነም ከታች ላለው ሳይደርስ ያልቃል። በገበሬው እጅ ያለው ክትሩን አስቀድሞ መጠገን፣ ቦዩን መጥረግ፣ በበልግ ዘግይቶ የሚደርሰውን ማሽላ መዝራት፣ በልጉ ሲከዳውም ተስፋ ሳይቈርጥ አፈራርሶ በክረምት ፈጥኖ የሚደርሰውን ጤፍ መተካት ነው፤ ደመናውን ወደ ደጋው የሚያመጣው ግን እርሱ አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የራያና ቆቦ አውራጃ በረኃብ ሲመታ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከአላማጣ በላይ ባለችው በኮረም ሕዝቡ እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ ከሞቱት መካከል ክትሩን ያልጠገነ ሰነፍ አልነበረም አልልም፤ ነገር ግን ትጉሁም ሰነፉም በአንድነት ሞቱ፤ በሩቅ ተቀምጦ ስለ ገበሬው ስንፍና የሚያወራ ሰው ደግሞ የ1966ቱን ረኃብ ለመደበቅ የሞከረውን መንግሥት በደል በድኻው ትከሻ ላይ መጫኑ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በቆቦ ላይ ሲመላለስ ሱቁን ያጣ ነጋዴና ልጁን የቀበረች እናትም በምን በደላቸው ይህ እንደ ደረሰባቸው ቢጠየቁ የሚመልሱት የላቸውም፤ ጠያቂውም የመጠየቅ ሥልጣን የለውም።

ይሁን እንጂ ጨዋታው ከኑሮ የሚለይባቸውን ነገሮች ሳልናገር ባልፍ አንባቢውን አስታለሁ። በኮምፒውተሩ ላይ የተሳሳተ ሰው አንዲት ቍልፍ ተጭኖ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ዕደላው ያልወደደለትም ሽንፈቱን ሳይቀበል አዲስ ዕደላ ይጠራል፤ ገበሬው ግን የፈሰሰ ጎርፍ አይመልስም፤ አዲስ ዕደላውም የሚመጣው ዓመት ቈይቶ ነው። ከዚህም የሚበልጠው ልዩነት፣ በሶሊቴር የአንዱ አካሄድ ሌላውን አለመንካቱ ነው። በጎርፍ መስኖ ግን ከላይ ያለው ገበሬ ውኃውን የያዘበት ሰዓት ከታች ያለው የሚደርቅበት ሰዓት ነውና፣ ተራ የሚደለድል፣ ጠብ የሚያበርድ የውኃ አባት ያስፈልጋል፤ የተሰበረውንም ክትር አንድ ሰው ብቻውን አይሠራውም። ስለዚህ የኑሮ ዕጣ ለብቻ የሚታደል ቢሆንም ለብቻ የሚጫወቱት አይደለም፤ ለአንዱ የማይረታ የሆነው ዕደላ በጎረቤቱ እጅ ሊረታ ይችላል፤ ምጽዋትና ወንፈል የተሠሩት ለዚህ ነው። ብቻውን መጫወትን የለመደ ሰው ይህን እንዳይረሳ መጠንቀቅ አለበት፤ የጨዋታው ትልቁ አደጋ ከጊዜው ይልቅ በዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ፍርዴን በአጭሩ ልናገር። በሥራ ሰዓት የሰውን ቀን እስካልበላ፣ ልቡንም እስካልሰወረበት ድረስ ሶሊቴርን የሚጫወት ሰው ኃጢአተኛ አይደለም፤ ተጫውቶ ተነሥቶ ግን ምንም ሳይማር የቀረ እንደ ሆነ ጊዜውን በከንቱ አሳልፏል። ሊማረው የሚገባውም ይህ ነው፤ ሁለቱ ሽንፈቶች በመልክ የማይለዩ ከሆነ፣ ለራስና ለባልንጀራ አንድ ዓይነት ግምት መያዝ አይገባም። ራስህ የተሸነፍህ እንደ ሆነ ዕደላህ ከ45ቱ ነው ብለህ ገምት፤ የት እንደ ተሳሳትህ መርምር፤ ዕጣን አትክሰስ፤ ይህ ግምት ትጋትን ይወልዳልና። ባልንጀራህ የተሸነፈ እንደ ሆነ ግን ዕደላው ከ18ቱ ነው ብለህ ገምት፤ በደሉን አትፈልግ፤ እጅህን ዘርጋለት፤ ይህ ግምት ምሕረትን ይወልዳልና። ብዙዎቻችን ግን ይህን ገልብጠን፣ ለራሳችን ውድቀት ዕጣን፣ ለሌላው ውድቀት ስንፍናን ምክንያት አድርገን እንኖራለን። አንተም በጽሕፈት ቤትህ ተቀምጠህ ይህን የምታነብ ወንድሜ ሆይ፣ ካርታውን ዝጋና በበረንዳው ላይ የሚጠብቅህን ሰው አስገባው፤ ምን በድሎ ለዚህ እንደ በቃ ሳትጠይቅ ጉዳዩን ፈጽምለት።